በደህናው ቀን

ፍኖተ ሰላም
ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ወንድሜ ለየኔታ ቂርቆስ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ ወንድም ጋሼ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ደቀ መዛሙርቱስ? እኔም፣ ባለቤቴ ደረሰም፣ መንታዎቹም ደህና ነን።

«ደህና ነን» የሚለውን ስጽፍ እጄ ዘገየ። በጨርቅ ነጋዴው በሙሄዲን በኩል የላኩልኝ ደብዳቤ ትናንት ደረሰኝ። «ልጆቹ ተሻላቸው ወይ? ሕመሙስ ምን ነበር?» ብለው ጠይቀውኛል። ይቅር ይበሉኝና፣ ልጆቹ አልታመሙም። ለኅዳር ሚካኤል እርስዎ ዘንድ ሳልመጣ የቀረሁት እነሱ ታመው አልነበረም። መንገዱም ያን ሰሞን ክፍት ነበር። ዋሸሁዎት። ከዋሸሁ በኋላ ደግሞ ቃሌ ልጆቼ ላይ እንዳይደርስ ፈርቼ ሦስት ቀን ሙሉ ግንባራቸውን ስዳስስ ሰነበትሁ።

እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት፤ ለእርስዎ ያልነገርሁትን ለማን እነግራለሁ? አሥራ አንድ ዓመት ልጅ አጥቼ ስኖር፣ ወር በገባ በሃያ አንድ የማርያምን ደጅ ሳልሳለም የቀረሁበት ጊዜ አልነበረም። ጫማዬን አውልቄ፣ በጭቃውም በአቧራውም። የክፍል ተማሪዎቼን ለጎረቤት አስተማሪ አደራ ብዬ የወጣሁባቸው ቀኖች አሉ። እዚያ ስቆም ቃል አልፈልግም ነበር። ቃሉ ራሱ እኔን ፈልጎ ይመጣ ነበር።

አሁን ማርያማዊትና ቴዎፍሎስ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆናቸው። የደረሰም የእንጨት ሥራ ሰምሮለታል፤ ከጅጋና ከደምበጫ ሳይቀር በርና አልጋ የሚያሠራ ይመጣል። በዚህ ዘመን፣ ስንቱ ቤቱ በተዘጋበት ጊዜ፣ ደህና መሆን ራሱ ያሳፍራል። እኔ ግን ደህና ነኝ። ጸሎቴም ጠፋ።

ከእግዚአብሔር ጋር ተጣልቼ አይደለም። ጥርጥርም አልገባኝም። ስቆም ግን የምለው የለኝም። ነገ ኅዳር ጽዮን ነው፤ ከተማው ነጭ ለብሶ ይወጣል፤ እኔ ለጎረቤቶቼ የምሰጠውን ምክንያት ሳሰላስል ዋልሁ። የተሳልሁት ጥላ፣ ያ ቀይ ከፋይ ዙሪያውን የወርቅ ዘርፍ ያለው፣ ከተገዛ ሁለት ዓመት አልፎት አሁንም ከመኝታ ቤቱ በር ጀርባ ቆሟል።

ስለ አሥሩ ለምጻሞች እንዳይጽፉልኝ እለምንዎታለሁ። እሱን አውቀዋለሁ፤ ከዘጠኙ አንዷ እኔ ነኝ። የማላውቀው ለምን እንዲህ እንደሆንሁ ነው።

እኅትዎ ሰርካለም

*

ወምበርማ፣ ዝግባ ሚካኤል
ታኅሣሥ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእኅቴ ለሰርካለም፣

ሰላመ እግዚአብሔር ካንቺና ከቤትሽ ጋር ይሁን። ውሸቱን ይቅር ብዬሻለሁ። ግንባራቸውን መዳሰሱ ንስሐ ይበቃሻል፤ ሌላ አልጨምርብሽም።

ደብዳቤሽን ሙሄዲን ጨርቁን ከአህያው ሲያራግፍ እዚያው ቆሜ አነበብሁት። «ከዘጠኙ አንዷ እኔ ነኝ» የምትለው ላይ ስደርስ ሳቅሁ። ሙሄዲን ምን እንዳሳቀኝ ጠየቀኝ፤ አልነገርሁትም። ለምጻሞቹን እንዳላነሣ ከልክለሽኛል፤ ሆኖም አንድ ነገር ብቻ ፍቀጂልኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሳስተምር «ዘጠኙ የት ሄዱ?» ብሎ የጠየቀኝ ደቀ መዝሙር የለም። እኔም አስቤው አላውቅም ነበር። ያንቺን ካነበብሁ በኋላ አሰብሁት። ሰውየው ስንት ዓመት ሚስቱን አልነካም፣ ልጁን አልሳመም። ሲነጻ የት ይሮጣል? ቤቱ ነዋ። ክፋት አይመስለኝም። ታዲያ እቤቱ ገብቶ፣ ልጁን አቅፎ፣ ራት በልቶ፣ በማግሥቱስ ምን አለ? እኔ ማወቅ የምፈልገው ማግሥቱን ነው። ያንን ደግሞ የምትነግሪኝ አንቺ ብቻ ነሽ።

ስለዚህ እጠይቅሻለሁ፣ እንደ መምህር ሳይሆን እንደማያውቅ ሰው። ያ ቃል የጠፋው በየትኛው ቀን ነው? በአንድ ጊዜ ነው ወይስ ጥቂት በጥቂት? በጠፋበት ቀን ምን ትሠሪ ነበር? ጥላውስ ለምን ከበሩ ጀርባ ቆመ? ማርያም ደጅ ካንቺ ቤት ሩቅ አይደለም።

ሙሄዲን ሲመለስ አንድ ነገር ታዝቤ ጠየቅሁት። ባለፈው ገበያ ጨርቁ ሁሉ ተሸጦለት «አልሐምዱሊላህ» ሲል ሰምቼው ነበር። ዛሬ ያለወቅቱ የጣለ ዝናብ ገበያውን በትኖት አንድ ክንድ ሳይሸጥ ያንኑ አለ። «ሁለቱ አንድ ናቸው ወይ?» አልሁት። «የኔታ፣ በከሰርሁ ቀን ስለው ከልቤ ነው፤ በሸጥሁ ቀን ግን አፌ ለምዶት ነው» አለኝ። እውነተኛ ሰው ነው። ያንቺ ሕመም ያንቺ ብቻ እንዳይመስልሽ ጻፍሁልሽ።

«ጎጆው ዘንድሮም ያፈሳል ወይ?» ብለሽ በሙሄዲን አፍ ልከሽልኝ ነበር። አያፈስም። የእኔ ነገር ደህና ነው።

ወንድምሽ ቂርቆስ

*

ፍኖተ ሰላም
ታኅሣሥ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድም ጋሼ፣

እንኳን ለልደቱ ሰሞን አደረሰዎ። ጥያቄዎችዎን ሁለት ሳምንት ይዣቸው ዞርሁ። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ፊደል እየጻፍሁ፣ «በየትኛው ቀን?» ይሉኛል። አገኘሁት መሰለኝ።

ቴዎፍሎስ በአርባ ቀኑ፣ ማርያማዊት በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሡ፤ ያን ጊዜ እርስዎም ነበሩ። ከዚያ ጥቂት ቆይቶ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት በኅዳር ጽዮን ዕለት፣ ነጠላዬን ለብሼ ጥላውን ይዤ ልወጣ ስል ሁለቱም ባንድ ጊዜ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ባንድ ጊዜ ተኝተው አያውቁም ነበር። ጎንበስ ብዬ አየኋቸው። የአንዱ እጅ የሌላዋ ጆሮ ላይ ነበር። አልጋው ጫፍ ተቀመጥሁ። ቅዳሴው እስኪወጣ እዚያው ተቀምጬ ቀረሁ። ደስታው እስከዛሬ ሆዴ ውስጥ አለ። ያን ጊዜ ያሰብሁትን በደንብ አስታውሳለሁ፦ «እንግዲህ ምን እጠይቃታለሁ?» አልሁ። የቀረኝ ነገር የለም። ነጠላዬን አጥፌ አስቀመጥሁ። ጥላውንም ከበሩ ጀርባ አቆምሁት።

በሚቀጥለው ወር ላደርስ ነበር። ግን አንድ ነገር ያዘኝ፤ አይሳቁብኝ። ጥላውን ያስረከብሁ ዕለት ነገራችን የሚዘጋ መሰለኝ። አሥራ አንድ ዓመት ከእሷ ጋር ያነጋገረኝ ልመናዬ ነው። ስለቱን ከከፈልሁ በኋላ ምን ብዬ ደጇ እሄዳለሁ? ጥላው በሩ ጀርባ እስካለ ድረስ ቢያንስ አንድ ያላለቀ ጉዳይ አለን።

ሌላም አለ፣ ይኸኛው የባሰ ነው። ፍርሃት ገባኝ። ልጅ ባስነጠሰ ቁጥር ልቤ ይወርዳል። ባለፈው ሳምንት ደረሰን ጠየቅሁት። «እግዚአብሔር ወደ ደጁ እንድመለስ ብሎ ቢወስዳቸውስ?» አልሁት። መላጊያውን አስቀመጠና አየኝ። ብዙ አይናገርም፣ ያውቁታል። «እንዲህ ያለውን አምላክ አሥራ አንድ ዓመት ለምን ደጅ ጠናሽው?» አለኝ።  እርስዎስ ምን ይላሉ? ይወስዳቸዋል ወይ?

ሰርካለም

*

ፍኖተ ሰላም
የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድም ጋሼ፣

ከእርስዎ መልስ ሳይመጣ ስድስት ሳምንት ሆነ። መንገዱ ተዘግቶ እንደነበር አውቃለሁ፤ ሙሄዲንም ቡሬ ላይ ታግዶ መሰንበቱን ነግሮኛል። ስለዚህ አልቀየምሁም። ግን በዚህ መካከል የሆነውን ልንገርዎ።

ጥምቀት ባለፈ በሦስተኛው ቀን ማርያማዊት አተኮሳት። መጀመሪያ ጉንፋን መሰለን። በማግሥቱ ደረቷ ሲያፏጭ ሐኪም ቤት ወሰድናት፤ የሳንባ ምች ነው ተባለና ተኛች። ስድስት ቀን። በሁለተኛው ቀን ደረሰን አልጋው አጠገብ ትቼ ወደ ቤት ሮጥሁ፤ ጥላውን ከበሩ ጀርባ አወጣሁና ማርያም ደጅ ይዤው ደረስሁ። ጫማ ማድረግ አለማድረጌን አላስታውስም። ለአንድ ቄስ አስረከብሁትና መሬት ላይ ወደቅሁ። ወንድም ጋሼ፣ ቃሉ ሁሉ ተመለሰ። አሥራ አንድ ዓመት የማውቀው ቃል፣ አንድ ሳይጎድል። እያለቀስሁ ልቤ ሞቀኝ። ልጄ እየሞተች ልቤ ሞቀኝ፤ ያስቡት።

ማርያማዊት ዳነች። ዛሬ ዶሮ ስታባርር ነው የዋለች። ጥላውም እዚያው ቀርቷል፤ በዓል ሲሆን ታቦት ይጋርዱበታል ይሉኛል።

እኔስ? ከሐኪም ቤት በወጣች በስምንተኛው ቀን ቃሉ ጠፋ። እንደ ድሮው።

አሁን የማልጠይቅዎት ነገር የለም። እግዚአብሔርን የማውቀው በእንባ ብቻ ከሆነ፣ ክርስቲያን ልሆን ልጆቼ ይታመሙ ብዬ ልመኝ ወይ? አንድ ቀን ጠዋት ሁለቱ ሲስቁ ሰምቼ፣ ትኩሳቷን የናፈቅሁ መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ ራሴን ጠላሁት። እንዲህ ከሆነ ማስመሰሉን ብተወው አይሻልም?

አንድ ሌላ ጥያቄ። ሙሄዲን ሲያወራ «የየኔታ አዲሱ ቆርቆሮ ቤት» አለና አፉን ያዘ። የምን ቤት ነው? ለምን አልነገሩኝም?

ሰርካለም

*

ዝግባ ሚካኤል
መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለሰርካለም፣

እግዚአብሔር ማርያማዊትን ስለማረልሽ ስሙ ይመስገን። ሁለቱ ደብዳቤዎችሽ አብረው ደረሱኝ፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን መልስ ሳታገኚ መከራው ቀደመኝ። ይቅር በዪኝ።

መጀመሪያ «ይወስዳቸዋል ወይ?» ላልሽው። እናትን ለመጥራት ሕፃን የሚያቃጥል አምላክ እኔ አላውቅም። ትኩሳቱ ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ብርድ ይሆናል፣ ሌላም ይሆናል፤ አውቃለሁ የሚልሽ ካለ እሱን ፍሪው። እኔ የማውቀው፣ አንቺ መሬት ላይ ስትወድቂ እሱ እዚያ ነበረ። የአንዱ እጅ የሌላዋ ጆሮ ላይ ሆኖ ሲተኙም ነበረ። ያን ጊዜም ልብሽ ሞቆ ነበር፤ ራስሽ ጽፈሽልኛል። ጸሎት መሆኑን ግን አላወቅሽም። ስለዚህ ለልጅሽ ትኩሳት አትመኚ።

ይህን ከጻፍሁ በኋላ ብዕሩን አስቀምጬ ሁለት ቀን ዋልሁ። ምክንያቱም ሁለተኛው ጥያቄሽ አለ። የምን ቤት ነው ላልሽው፣ እነግርሻለሁ።

ሃያ ሁለት ዓመት በሣር ጎጆ ኖርሁ። ደቀ መዛሙርቱ ለቁራሽ ሲወጡ ውሻ እየነከሳቸው ይመለሱ ነበር። በረዶው እህሉን በመታው ዓመት አርባ ቀን ንፍሮ ብቻ በላን። ያን ጊዜ ዳዊት ስደግም እያንዳንዱ ቃል እንደ እንጀራ ይገባኝ ነበር። አምና በርበሬውም በቆሎውም ሰመረ። ሕዝቡ ተሰብስቦ ባለ ሁለት ክፍል ቆርቆሮ ቤት ሠራልኝ፤ ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ አልጋም ፍራሽም አለው። ለተማሪዎቹ ምግብ በየተራ ከየቤቱ ይመጣል፤ ቁራሽ ቀረ። ተማሪው ከስልሳ በለጠ። የመጀመሪያውን ወር እያመሰገንሁ ቆየሁ። ከዚያ አንድ ጠዋት ዳዊት እየደገምሁ ሳለ፣ የትኛው መዝሙር ላይ እንደሆንሁ አላውቅም። ገጽ ስገልጥ ልቤ ፍራሹ ላይ ተቀምጧል። ከዚያ ወዲህ እንዲያው ነው። ሰው «የኔታ ጸሎተኛ ናቸው» ሲል አፍራለሁ።

ቋንቋችን ራሱ ሳይፈርድብን አልቀረም። የበላውን «ጠገበ» እንላለን፤ የባለገውንም «ጠገበ» እንላለን። ሰሙንና ወርቁን ለሃያ ሁለት ዓመት ሳስተምር ይህች ቃል እኔን ትጠብቀኝ ነበር።

አንቺ «ለምን?» ብለሽ ስትጽፊልኝ፣ መልሱን የፈለግሁት ለአንቺ ብቻ እንዳልነበረ አሁን ታውቂያለሽ። ያላወቅሁትን ነው የጠየቅሁሽ።

ስለዚህ ቁርጥ አድርጌያለሁ። ከፋሲካ በኋላ ቤቱን ለቤተ ክርስቲያኑ አስረክቤ ወደ ዓባይ በረሃ እወርዳለሁ። እዚያ ሙቀትና ረሃብ አለ፤ ረሃብ ባለበት እሱን አውቀዋለሁ። ተማሪዎቹ ሌላ መምህር ያገኛሉ። ይህን ከአንቺ በቀር የሰማ የለም።

ወንድምሽ

*

ፍኖተ ሰላም
መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድም ጋሼ፣

ይህን ደብዳቤ ሙሄዲን ቆሞ እየጠበቀኝ ነው የምጽፈው። ድፍረቴን ይቅር ይበሉ፤ ታላቄ ነዎት፣ አባቴም ነዎት።

አይሂዱ።

«ለልጅሽ ትኩሳት አትመኚ» ብለው ጽፈውልኛል። ታዲያ ለራስዎ ረሃብ የሚመኙት ለምንድን ነው? የእኔ ምኞት ኃጢአት ከሆነ የእርስዎ ጽድቅ የሚሆነው በምን ተለይቶ ነው? ያንን ቤት የሠሩልዎት ገበሬዎች ቆርቆሮውን በትከሻቸው ነው ያመጡት። ጥለውት ሲወርዱ ምን ይላሉ? «መምህሩ ከተመቸው እግዚአብሔርን ያጣል» ይላሉ፤ እነሱም በርበሬያቸው በሰመረ ቁጥር ልባቸው ይፈራል። ስልሳዎቹስ? በረሃ መውረድን የሚያስተምር ሞልቷል። ቤት ውስጥ፣ በልቶ፣ ደህና ሆኖ እንዴት እንደሚጸለይ ማን ያስተምረን? እርስዎ ከሸሹ እኔ ወዴት እሸሻለሁ? ልጆቼን ጥዬ?

ያልነገርሁዎት አንድ ነገር አለ። ትንሽ ስለሆነ ነው ያልነገርሁዎት። ከሁለት ሳምንት በፊት በአንድ ቅዳሜ ሁለቱን በሳፋ ሳጥባቸው ቴዎፍሎስ ውኃውን ረጨና ፊቴን አራሰኝ። ሳሙናው ዓይኔ ገባ። ሦስታችንም ሳቅን። ሳላስበው «ተመስገን» አልሁ፣ ሰው እንደሚለው። ማርያማዊት ሳቋን አቁማ አየችኝ። «ማንን ነው?» አለችኝ። በቤቱ ከእኛ ሌላ ሰው አልነበረም፤ ዞር ብላ ፈለገች።

ምን ልበላት? አሥራ አንድ ዓመት ደጁ ስቆም ማንም እንዲህ አልጠየቀኝም። «አንቺን የሰጠኝን» አልኋት። «የት አለ?» አለች። በሃያ አንድ አሳይሻለሁ አልኋት፤ ከልጅ ለመገላገል የሚባል ነው። እሷ ግን አልረሳችም፤ በየማለዳው «ዛሬ ነው?» ትላለች። ስለዚህ በሃያ አንድ ሁለቱን ይዤ ሄድሁ። የምለምነው አልነበረኝም። እንባም አልመጣም፣ ልቤም አልሞቀም፤ ይህን አልዋሽዎትም። ግን ማርያማዊት እጄን ይዛ ስለምትጠብቅ አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ። ውኃው፣ ሳቁ፣ የደረሰ እጅ፣ የሁለቱ እንቅልፍ እያልሁ ለሰጠኝ አምላክ ስም በስም ጠራሁለት። ብዙም አልቆየ። ቴዎፍሎስ ራበኝ አለ፣ ተመለስን።

ይኸው ነው። ድሮ እንደነበረው አይደለም። ግን በሚቀጥለውም ሃያ አንድ ልሄድ ነው፤ እሷ ትጠይቀኛለቻ። እርስዎም እዚያው ቤትዎ ሆነው ይሞክሩት። ካልሆነ ያኔ ይውረዱ፤ ስንቅዎን ራሴ እቋጥርልዎታለሁ።

ሙሄዲን ተነሥቷል።

እኅትዎ ሰርካለም

*

ዝግባ ሚካኤል
ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለሰርካለም፣

ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን። ከፋሲካ በፊት መልስ ስላልላክሁልሽ ሳትጨነቂ አልቀረሽም፤ ሙሄዲን ሁለት ጊዜ መጥቶ ባዶ እጁን ሰድጄዋለሁ። የምጽፈውን ስላላወቅሁ ነው እንጂ ተቀይሜሽ አይደለም። መጀመሪያ ሳነበው ግን ተቀይሜ ነበር። ሁለተኛ ሳነበው አጥፌ ዳዊቴ ውስጥ አስቀመጥሁት።

ጓዜን ሸክፌ ነበር። ዳዊቴንና አንድ ጋቢ። በዳግማይ ትንሣኤ ማግሥት ልወጣ ነበር። ያን ዕለት ጠዋት ተማሪዎቹ ቅኔ ሊቀበሉ መጥተው ደጁ ላይ ተቀመጡ። ከፍልሰታ ጀምሮ ከአንዲት የቅኔ ስንኝ ጋር ሲታገል የከረመው ውዳሴ የሚባል ጎልማሳ፣ ዕለቱን ስንኟን ቤት አስመታት። ስልሳው ሁሉ እልል አለ። እኔም ደስ አለኝ። ደስ ሲለኝ ጋቢው ጥግ ላይ ታስሮ አየሁትና አፈርሁ። ፈታሁት።

ከዚያ ወዲህ ያልሽውን እየሞከርሁ ነው። ዳዊቱን እንደ ድሮው እደግማለሁ፤ ልቤም እንደ ልማዱ ፍራሹ ላይ ይቀመጣል። አላባርረውም። ደግሜ ስጨርስ ግን እቆምና ያንቺን እላለሁ። ስም በስም። ወለሉን፣ ቆርቆሮውን፣ ከእነማን ቤት የመጣ እንጀራ እንደበላሁ፣ ውሻ ያልነከሰውን የተማሪ እግር። በመጀመሪያው ቀን ሦስት ነገር ቆጥሬ አለቀብኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ለችግር የሚሆን ቃል ሳከማች፣ ለደህና ቀን የሚሆን ሦስት ብቻ ነው ያለኝ። ገረመኝ። አሁን ጥቂት ጨምሬያለሁ።

ትናንት ከቀትር በኋላ ዝናብ ጣለ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ትምህርት ስለማይሰማ ተማሪዎቹን አሰናበትሁ። ብቻዬን ቀረሁ። በልቼአለሁ፤ ቤቱ አያፈስም፤ የሚያመኝ ነገር የለም። መሬት ላይ ወድቄ ሰገድሁ፣ ተነሣሁ፣ ደግሜ ሰገድሁ። በሩ ክፍት ነበር። ጎረቤቴ እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስ ከዝናቡ ልትጠለል ስትገባ እንዲያ ሆኜ አገኘችኝ። ደነገጠች። መርዶ የመጣ መስሏት ያንቺን ስም ጠራች፣ የልጆቹን ጠራች። ማንም እንዳልሞተ ነገርኋት። ታሞም የተኛ የለም አልኋት። አላመነችኝም፣ ጠጋ ብላ ዓይኔን አየች።

«ታዲያ ምን ሆነው ነው የኔታ?» አለችኝ።

«ደህና ሆኜ ነው፣ እማሆይ» አልኋት።

 ከዚያ እርጥብ ነጠላዋን አራግፋ፣ ምርኩዟን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ ከጎኔ ቆመች።

ወንድምሽ ቂርቆስ